ኮንቱርን በድንች ማስተማር፦ ካርታ ለሌለው ክፍል የሚሆን የአሠራር መመሪያ

ሰሞኑንም ያቺው ጥያቄ መጣች። "ኮንቱርን እንዴት ነው የምታስረዳው? እኔ ጋ 68 ተማሪ ነው ያለው። ካርታ የለም። ሰሌዳ ላይ ክብ በክብ ስስልላቸው የተከተፈ ሽንኩርት ነው የሚመስላቸው።" ኮንቱር ማለት ካርታ ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘው መስመር ነው። አዲስ የተመደቡ የጂኦግራፊ መምህራን ይህንኑ ይጠይቁኛል፣ የቆዩትም ቀስ ብለው ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መመሪያው ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል መምህራን ነው። ለ7ኛና ለ8ኛም ይሠራል፣ ቢላዋውን እናንተ እስከያዛችሁ ድረስ። ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈልጋል። ሦስተኛ ከተገኘ እውነተኛ ካርታ ታስነብቡበታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለእናንተ፦
- አንድ ሳፋ
- ጭንቅላት የሚያህል፣ ወጣ ገባ ያለው ደረቅ ድንጋይ
- ውሃ፣ በሁለት ትልልቅ ሃይላንድ
- ጠመኔና ማስመሪያ

ለእያንዳንዱ ቡድን (ከ6 እስከ 8 ተማሪ)፦
- አንድ ትልቅ ድንች። ጎርበጥ ያለ፣ ቅርጹ የተበላሸ ይሁን። ገበያ ላይ ሰው ትቶት የሚሄደው ዓይነት ነው የምንፈልገው። እንቁላል የመሰለ ድንች እንቁላል የመሰለ ካርታ ነው የሚሰጣችሁ።
- አንድ ቢላዋ
- ሁለት እኩል ውፍረት ያላቸው እርሳሶች፣ ለመሳያም አንድ
- ሁለት ስቴኪኒ
- ነጭ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ ቁራጭ ጨርቅ
- ለሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሁለት እፍኝ የሸክላ ጭቃ

ድንች ከሌለ ስኳር ድንች ይሆናል። ካሮት አይሆንም፣ ሞክሬዋለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ቢላዋዎቹን ቆጥራችሁ ስጡ፣ ቆጥራችሁ ተቀበሉ። በየቡድኑ አንድ ቆራጭ ብቻ ይመረጥ፣ እሱም ቆሞ ሳይሆን ተቀምጦ ይቁረጥ። አንድ ጊዜ ሁለት ልጆች "እኔ ልቁረጥ፣ እኔ ልቁረጥ" ሲጓተቱ የአንዷ ጣት ተቆርጦ ክፍለ ጊዜው በፋሻ ፍለጋ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ፕላስተር ከጠመኔው ጋር ኪሴ ውስጥ ነው።

ሌላም አለ። "ምግብ ያባክናሉ" የሚል ወላጅ ወይም ባልደረባ አይጠፋም፣ እውነቱንም ነው። ስለዚህ ድንቹ ታጥቦ ይምጣ፣ በንጹሕ ወረቀት ላይ ይቆረጥ። ሲያልቅ በፌስታል ወደ ወጥ ቤት ይመለሳል። ድንቹ ላይ በእስክሪብቶ አታስምሩ።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፦ ከድንች ወደ ካርታ

1. ትርጉሙን ሳትናገሩ ውሃው መስመሩን ያስምር

ድንጋዩን ሳፋ ውስጥ አስቀምጡ። ማስመሪያውን ከጎኑ አቁሙ። ውሃ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር አፍስሱ። አንድ ተማሪ ጥሩና ውሃው ድንጋዩን የነካበትን ዳር ዙሪያውን በጠመኔ ያስምር። ከዚያ እስከ 4፣ እንደገና እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ሙሉ። ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ሂዱ፣ ምክንያቱም ከውሃው በላይ ያለው ድንጋይ ደረቅ ስለሆነ ጠመኔ ይይዛል።

አሁን ጠይቁ፦ "ይህን መስመር ይዛችሁ ብትዞሩ ሽቅብ ትወጣላችሁ? ቁልቁል ትወርዳላችሁ?" አንዱ "ሁለቱም የለም" ማለቱ አይቀርም። ያኔ "ይህ መስመር ኮንቱር ይባላል" በሉ። ቃሉ ከነገሩ በኋላ ሲመጣ ነው የሚይዛቸው። ቀድማችሁ "የባሕር ወለል ከፍታቸው እኩል የሆኑ ነጥቦችን የሚያገናኝ መስመር" ብላችሁ ካስጻፋችሁ ሸምድደው ለፈተና ያመጡላችኋል፣ መስመሩን ግን አያዩትም።

ሁለት ምሳሌ ጨምሩ። አንደኛው ጣና ነው። ባሕር ዳር ላይ እግሩን ውሃው ዳር የነከረ ሰውና ጎርጎራ ላይ የነከረ ሰው ከፍታቸው አንድ ነው፣ የሐይቁ ዳርቻ ተፈጥሮ ያሰመረችው ኮንቱር ነው። ሁለተኛው እርከን ነው። ገጠር ያደገ ልጅ እርከን ሲቀየስ በገመድና በውሃ ልክ እየተለካ ተራራውን ዙሮ እንደሚሄድ አይቷል። ቀያሹ ኮንቱር እየተከተለ እንደነበር ያኔ ማንም አልነገረውም እንጂ።

ማሳሰቢያ፦ በድንጋይ ፋንታ የጭቃ ተራራ አትጠቀሙ። እኔ በመጀመሪያ ዓመቴ ተጠቅሜ ነበር። ሦስተኛው መስመር ላይ ሳንደርስ ተራራው ሾርባ ሆነ። የዚያ ክፍል ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ዛሬም "ቲቸር፣ ተራራው ደህና ነው?" ይሉኛል።

2. ድንቹን በቁመቱ ለሁለት ክፈሉ

ጠፍጣፋው ጎን ወረቀቱ ላይ ይተኛ። ከላይ ያለው ጉብታ ተራራችን ነው። የተራራው ቁመት ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከዚያ በጣም ካነሰ ሁለት ወይም ሦስት መስመር ብቻ ይወጣውና ስለ ተዳፋት የምትናገሩት ታጣላችሁ።

3. ሁለት ቀዳዳ ብሱ፣ የሰሜንን ምልክት አድርጉ

ሁለቱን ስቴኪኒዎች ከጫፉ አጠገብ፣ እርስ በርሳቸው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አራርቃችሁ ቀጥ አድርጋችሁ እስከ ታች ስደዱ። ከዚያ ንቀሏቸው። ቀዳዳው ይቀራል፣ የሚፈለገውም እሱ ነው።

በድንቹ አንድ ጎን ላይ ከላይ እስከ ታች በቢላዋ ጫፍ ስስ ጭረት አድርጉ። ይህ ሰሜን ነው።

ቀዳዳዎቹ የተቆረጡት ክፍሎች በትክክል አንዱ ባንዱ ላይ እንዲሰፍሩ ያደርጋሉ። ጭረቱ ደግሞ ቁራጩ ዞሮ እንዳይቀመጥ ይጠብቃል። ይህን ደረጃ የዘለለ ቡድን ወዲያው ይታወቃል፣ መስመሮቹ ይቋረጣሉ። ስቴኪኒው ካዘነበለም ተራራው ወደ አንድ ጎን የወደቀ ይመስላል።

4. እኩል ውፍረት አድርጋችሁ ቁረጡ

አብዛኛው ቡድን የሚበላሽበት ቦታ ይህ ነው፣ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ።

ሁለቱን እርሳሶች በድንቹ ግራና ቀኝ አስተኟቸው። ቢላዋው በሁለቱም እርሳሶች ላይ ተንተርሶ እንደ መጋዝ እየተንሸራተተ ይቁረጥ። የታችኛው ቁራጭ በትክክል የእርሳሱን ያህል ይወፍራል፣ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ያን ቁራጭ አውጥታችሁ የቀረውን ድንች መልሳችሁ አስተኙ፣ እንደገና ቁረጡ። እስከ ጫፉ ድረስ እንዲሁ። ከአንድ ጥሩ ድንች አራት ወይም አምስት ቁራጭ ይገኛል።

በዓይን ግምት የሚቆርጥ አለ። እናቱ ቤት ከትፎ የለመደ ልጅ በተለይ "አያስፈልገኝም" ይላችኋል። እምቢ በሉት። ውፍረቱ እኩል ካልሆነ በመስመሮቹ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት (ኢንተርቫሉ) እኩል አይሆንም፣ ካርታውም ይዋሻል። መስመር ሲቀራረብ ተዳፋቱ ቀጥ ማለቱን የምናውቀው ኢንተርቫሉ አንድ ስለሆነ ብቻ ነው።

5. ቁራጮቹን አንድ በአንድ ገልብጡ

ሁሉንም በጨርቅ አድርቁ። ትልቁን ቁራጭ ወረቀቱ ላይ አስቀምጡ። በስቴኪኒ በሁለቱም ቀዳዳ ወረቀቱን ነካ አድርጉ፣ ሁለት ነጥብ ይቀራል። ሰሜንን በቀስት አመልክቱ። አሁን የቁራጩን የታች ጠርዝ ተከትላችሁ በእርሳስ ዙሩ። ቁራጩን አንሱ። ቀጣዩን በሁለቱ ነጥቦች ላይ አሳርፉ፣ ጭረቱ ወደ ሰሜን ይሁን፣ ዙሩ። እንዲህ እስከ መጨረሻው።

ሁልጊዜ የታችኛውን ጠርዝ ተከተሉ። አንዱን በታች፣ አንዱን በላይ ካስመራችሁ ከፍታው ይዘባረቃል።

6. ከፍታ ስጡ

የታችኛው መስመር 2,000 ሜትር ይሁን፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ደግሞ 100 ሜትር። ከውጭ ወደ ውስጥ 2,000፣ 2,100፣ 2,200 እያላችሁ መስመሩን ትንሽ ክፍት አድርጋችሁ ቁጥሩን እዚያ ጻፉ።

ከዚያ ሁሌም የምጠይቀውን ጠይቁ፦ "የተራራው ጫፍ ስንት ሜትር ነው?" የመጨረሻው መስመር 2,400 ከሆነ ግማሹ ክፍል "2,400" ይላል። የመጨረሻውን ቁራጭ አንሱና አሳዩ። ከመስመሩ በላይ ገና ድንች አለ! ስለዚህ ከ2,400 ይበልጣል። 2,500 ቢደርስ ኖሮ ሌላ መስመር ይኖረው ነበር፣ ስለዚህ ከ2,500 ያንሳል። ይህች ጥያቄ ፈተና ላይ መምጣት ትወዳለች።

7. ድንቹን መልሳችሁ ገጥሙ፣ ጣታቸው ይናገር

ቁራጮቹን በስቴኪኒው ሰክታችሁ ተራራውን መልሱ። አንድ ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ከጫፍ ወደ ታች ይውረድ፣ በአንደኛው ጎን፣ ከዚያ በሌላው። ቀጥ ያለው የትኛው እንደሆነ ይናገር። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ ያንኑ ጎን ካርታው ላይ ይፈልግ። መስመሮቹ ተጠጋግተው ያገኛቸዋል።

"20 ሊትር ጀሪካን ተሸክማችሁ ብትወጡ በየት በኩል ትመርጣላችሁ?" ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፦ ከካርታ ወደ ተራራ

8. ፕሮፋይል (የተራራውን የጎን ቅርጽ) አውጡና በድንቹ አረጋግጡ

ይህን የክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ላይ አድርጉት፤ በማግስቱ ድንቹ ይጠቁራል እንጂ ሥራውን አያቆምም። ቀኑ ከራቀ በአዲስ ድንች ሥሩ።

ካርታው ላይ ከ"ሀ" ወደ "ለ" ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ፣ ጫፉን ያቋርጥ። የወረቀት ቁራጭ ጠርዙን በመስመሩ ላይ አኑራችሁ ኮንቱር በነካ ቁጥር ጭረት አድርጉ፣ ከፍታውን ጻፉ። ሌላ ወረቀት ላይ 7 ሚሊ ሜትር እየተራራቁ አግድም መስመሮች አስምሩና 2,000፣ 2,100 እያላችሁ ሰይሟቸው። ጭረቶቹን ወደየከፍታቸው አውጡና በለስላሳ መስመር አገናኙ።

አሁን የተገጠመውን ድንች በ"ሀ" እና "ለ" አቅጣጫ ከላይ ወደ ታች ሰንጥቁት። የተሰነጠቀውን ፊት ስዕሉ ላይ አስተኙት። ይገጥማል! ክፍሉ ድምፅ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ከኋላ የተቀመጡት ሳይቀሩ ተነሥተው ይመጣሉ፣ ተዉአቸው ይምጡ።

የገጠመው አግድሙም ቁመቱም በአንድ ልክ ስለተሳለ ነው። በ1፡50,000 ካርታ 1 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 500 ሜትር ነው። ቁመቱን ግን 1 ሴንቲ ሜትር ለ100 ሜትር ብንሰጥ ተራራው 5 እጥፍ ተጋኖ ይታያል። ተማሪዎቹ ገደል የሚመስል ፕሮፋይል ሲስሉ ይህን አስታውሷቸው።

9. ካርታ ተለዋወጡ፣ በጭቃ ሥሩ

እያንዳንዱ ቡድን ካርታውን ለጎረቤት ቡድን ይስጥ። ድንቹን ይደብቅ። ተቀባዩ ቡድን ካርታውን ብቻ እያየ ተራራውን በጭቃ ይሥራ። 15 ደቂቃ ስጡ። ከዚያ ድንቹ ይወጣና ጎን ለጎን ይታያል።

ይህን አትዝለሉ። እስካሁን የሠሩት ሁሉ ዙሪያውን በእርሳስ መዞር ነው፣ ያልገባው ልጅም ይዞራል። ካርታ አይቶ ቅርጹን በእጁ ማውጣት ግን ሳይገባው የሚችል የለም። ቀጥ ያለውን ጎን ለዘብ አድርጎ የሠራ ቡድን ስታገኙ አትንገሩት። "መስመሮቹን እዩ" ብቻ በሉ።

ጭቃው ተራራ ሆኖ እያለ ሸለቆ ቅደዱበት። ድንች ሸለቆ የለውም፣ የዚህ ዘዴ ድክመቱ ይህ ነው። በጣታችሁ ከላይ ወደ ታች ቦይ አውጡ። ከዚያ እርሳስ በክብሪት ቀፎ ላይ አስተኝታችሁ ቀፎውን በጠረጴዛው ላይ እያንሸራተታችሁ የእርሳሱ ጫፍ ጭቃውን ዙሪያውን ይጫር። እኩል ከፍታ ያለው መስመር ይወጣል። ሁለት ቀፎ ደራርቡ፣ ሁለተኛው መስመር ይወጣል። መስመሩ ሸለቆው ጋ ሲደርስ ወደ ውስጥ፣ ወደ ተራራው ይታጠፋል። የእጥፋቱ ሹል ጫፍ የሚያመለክተው ወንዙ ወደመጣበት፣ ወደ ላይ ነው። አብዛኛው ተማሪ ውሃው ወደሚሄድበት ይመስለዋል። ከላይ ጠብታ ውሃ ለቀቅ አድርጉበትና ይዩት።

10. እውነተኛ ካርታ

1፡50,000 ካርታ ትምህርት ቤታችሁ ካለ እሰየው። የአገራችን ካርታዎች በዚህ መስፈርት ኮንቱራቸው በ20 ሜትር ልዩነት ነው፣ በየ100 ሜትሩ ደግሞ ወፍራም መስመር አለ። ከሌለ ስልክ ላይ ጉግል ማፕስን ክፈቱና ቴሬይን የሚለውን ምረጡ፣ ስታቀርቡት ኮንቱሮቹ ይወጣሉ። አንድ ጊዜ አሳትሙ፣ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ለቡድኑ አንዳንድ ስጡ።

የመጀመሪያ ካርታችሁ ዝቋላ ይሁን። ብቻውን ከሜዳ የተነሣ ስለሆነ ክቦቹ ጥርት ብለው ይታያሉ። ጫፉ ላይ ደግሞ ሐይቅ ያለበት ጉድጓድ አለ። "መሐል ያለው ክብ ከፍታ ነው ወይስ ጉድጓድ?" ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን ሳያነቡ የሚመልሱ ይሳሳታሉ። ጉድጓድን የሚያሳየው ኮንቱር ወደ ውስጥ የሚያዩ ትናንሽ ጥርሶች እንዳሉት ያኔ ንገሯቸው።

ሰዓት ከተረፈ ኮንቱሮቹን ቀለም ያስቀቧቸው፦ ከ1,500 በታች ቆላ፣ ከ1,500 እስከ 2,300 ወይና ደጋ፣ ከ2,300 እስከ 3,200 ደጋ። ባዶ ቁጥር የነበረው ጤፍና ገብስ ይሆናል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ትልቁ ይህ ነው፦ "መስመር የበዛበት ቦታ ከፍ ያለ ነው" ማለት። አይደለም፣ ቀጥ ያለ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ብትሆንም ዙሪያዋ ሜዳ ስለሆነ መስመሮቹ የተራራቁ ናቸው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ ከፍታው እየቀነሰ ነው፣ መስመሮቹ ግን እንደ ክር የተጠላለፉ እስኪመስሉ ድረስ ይጠጋጋሉ። እነዚህን ሁለት ቦታዎች ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ሳሉ። አንዴ አይበቃም፣ በየሳምንቱ መልሳችሁ ጠይቁ።

ኮንቱር መሐል ላይ ተቆርጦ መቅረት። ካርታው ካላለቀ በቀር መስመሩ ዞሮ መነሻውን ያገኛል። የወረቀቱ ጠርዝ ላይ የሚያልቀውም መሬት ላይ ይቀጥላል።

ኮንቱርን እንደ መንገድ መቁጠር። "በዚህ መስመር ሄጄ" የሚል ተማሪ ይኖራል። መሬት ላይ እንዲህ ያለ መስመር እንደሌለ ንገሩት።

ኢንተርቫሉን ሳያሰሉ መገመት። በሁለት ቁጥር ባላቸው መስመሮች መካከል ያለውን ልዩነት ለክፍተቶቹ ብዛት ማካፈል ነው፣ ለመስመሮቹ ብዛት አይደለም።

ክፍሉ ከ80 ካለፈ

ድንቹን ተዉትና ጡጫ ተጠቀሙ። ሁሉም ተማሪ የግራ እጁን ይጨብጥ። በጣቶቹ አንጓዎች ዙሪያ በእስክሪብቶ ክብ ይሥራ፣ ከዚያ ሰፋ ያለ፣ ከዚያ አራቱንም የሚያቅፍ። ከዚያ እጁን ይዘርጋ። ተራራው ጠፍጣፋ ካርታ ሆነ። በአንጓዎቹ መካከል ያለው ዝቅታ ኮርቻ ይባላል። ልክ የለውም፣ ኢንተርቫል የለውም፣ ግን በ10 ደቂቃ ሐሳቡን ያስይዛል። ቀለሙ ሲታጠብ ይለቃል፣ ማርከር ግን ከልክሉ።

ለዩኒቨርሲቲ መምህራን

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ኩጂአይኤስ በሚባለው የካርታ መሥሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ የከፍታ ዳታ ጭኖ በአንድ ጠቅታ ኮንቱር ያወጣል። ያወጣውን ግን ብዙ ጊዜ ማንበብ አያውቅም። ከቤተ ሙከራው በፊት የድንቹን አንድ ሰዓት ስጧቸው፣ አይንቁትም። ከዚያ ኤስአርቲኤም የሚባለውን ነጻ የከፍታ ዳታ በ20፣ በ50 እና በ100 ሜትር ኢንተርቫል አስወጥታችሁ አወዳድሩ። የዳታው አንድ ፒክስል ከ30 ሜትር መሬት ጋር ስለሚመጣጠን፣ ሜዳ ላይ በ5 ሜትር ሲያወጡት መስመሩ የተጨማደደ ይሆናል። ለምን እንደሆነ እነሱ ይንገሯችሁ።

ፈተናውን በተመለከተ ትርጉም አታስጽፉ። አራት ነጥብ ያለበት ትንሽ የኮንቱር ካርታ ስጡና "ሀ ላይ የቆመ እረኛ መ ላይ ያለችውን ላሙን ያያታል? ለምን?" ብላችሁ ጠይቁ። መሐል ጉብታ መኖር አለመኖሩን ሳያነብ መመለስ አይችልም።

ጭቃውን አትጣሉት። በላስቲክ ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፣ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ለወንዝና ለአፈር መሸርሸር ምዕራፍ ትፈልጉታላችሁ።